የአንዲት ፊደል ምስክር

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቢቸና ባለው ቤታቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ብርዑ በእጃቸው፣ ብራናው ከፊታቸው ነበር። እየጻፉ ድንገት ያለፉ ይመስላሉ፤ ሐኪሙ ግን ታፍነው መሞታቸውን አረጋገጠ።

ያን ቀን የፍየል ቆዳ ያደረሱላቸው የሞጣው ነጋዴ ሐጂ አብዱራዛቅ በካቴና ታሰሩ። የልጅነት ወዳጃቸው ናቸው፤ ግን ሰው ሲቸኩል የሚይዘው ቅርብ ያለውን ነው።

«እሰሩኝ፣ ግድ የለም» አሏት መርማሪዋን ኢንስፔክተር ፈንታነሽን። «ዛሬ ከቀብሩ ግን አታስቀሪኝ፣ ልጄ።»

ፈንታነሽ ቃል አልሰጠችም። የኮምፒውተር መምህሩን ሐብታሙን አስጠራች። መሪጌታ የጥንት ጸሐፍት ለፍጥነት ይጠቀሙባት የነበረች፣ አንድ ሙሉ ሐረግ የምትተካ ፊደል ያውቁ ነበር። ሐብታሙ ይህች ፊደል በየኮምፒውተሩ እንድትገባ ፊደላትን ለሚመዘግብ የውጭ አገር ድርጅት አመልክቷል።

«ማመልከቻው ምን ጎደለው?»

«ፊደሏን የሚጽፍ ሰው ምስክርነት። አሁን የሚጽፋት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስንት ክረምት ከእግራቸው ሥር ተምሬያለሁ!»

«እሳቸውስ?»

«ተማሪያቸው መሆኔን ነገ በቪዲዮ ሊመሰክሩልኝ ነበር።»

ቀጥላ የሟቹን ልጅ፣ መምህርት እፀገነትን ጠየቀች።

«ጠረጴዛው የማን ነው?»

«የእኔ፤ ፈተና የማርምበት። አባባ ተጠግተውትም አያውቁም» አለች እያለቀሰች።

ከቀብሩ በፊት ሦስቱንም እቤቱ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሐብታሙ፣ ሲያስተምሩዎት መሪጌታ የት ሆነው ይጽፉ ነበር?»

«እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ።»

ሐጂ ቀና አሉ። እፀገነት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መሪጌታ መሬት ተቀምጠው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር የሚጽፉት» አለች ፈንታነሽ። «የብራና ጸሐፊ ወጉ ይኸው ነው። ልጃቸው ታውቃለች፤ ቆዳ የሚያመጡላቸው ሐጂም ያውቃሉ። ሬሳውን ጠረጴዛ ላይ ያስደገፈው ሲጽፉ አንድ ቀን እንኳ ያላየ ሰው ነው። ከቤቱ የጠፋ ነገር ስለሌለ ሌባም አልገባም። እርስዎ ተማሪያቸው አልነበሩም። ነገ ይህንን ይናገሩብኛል ብለው ፈሩ። ፊደሏን ከየት አገኟት?»

«ከብራና ፎቶ» አለ ሐብታሙ። «ተማሪዬ ነው በሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በሐሰት አልመሰክርም ሲሉኝ አፈንኳቸው። ስሜ ከፊደሏ ጋር እንዲኖር ፈልጌ ነበር።»

ካቴናው ከሐጂ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ዞረ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወል ጀምሯል። ሐጂ አብዱራዛቅ በካቴናው የቆሰለ እጃቸውን ሳያሹ ወጡ፤ ከቃሬዛው ፊት ገብተው ተሸከሙ፤ እስከ መቃብሩም ድረስ ለማንም አልለቀቁም።