የኦክሲጅን ስም

«ይሄን ከየት ነው ያመጣሽው?» አለች መርማሪዋ፣ ከቤተ መጻሕፍት ሮጣ መጥታ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ጣቷ ሁለቱ በሠሩት ፖስተር ላይ ነበር። «ኦክሲጅን በጥንት ግሪክኛ ሕይወት ሰጪ ማለት ነው» ይላል።

መርማሪ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ የሰማችውን ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም። ባልንጀራዋን ደግሞ ሬዲዮ ይሏታል፤ አንዴ ከተከፈተች መዝጊያ የላትም። በክፍል ውድድር አንደኛ ያወጣቸው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነበር። አሁን ደግሞ ተማሪና ወላጅ በሞላው አዳራሽ ሊያቀርቡት ተራ እየጠበቁ ነው።

ሬዲዮ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ከራሷ እንደፈጠረችው ነገረቻት።

«ያምራላ! ዳኞቹም ወደውታል። ማን ግሪክኛ ያውቃል ብለሽ ነው? ባክሽ አታካብጂ።»

መርማሪዋ ተናደደች። ግን ከንዴቷ ደስታዋ በለጠና ከትልቁ መዝገበ ቃላት ያገኘችውን ሁሉ ዘረገፈችው። «ኦክሲስ» ስለታም፣ ኮምጣጣ ነው፤ «ጌኔስ» ደግሞ ወላጅ። ኦክሲጅን ማለት አሲድ ወላጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ሳይንቲስት፣ ያለ ኦክሲጅን አሲድ የሚባል ነገር አይፈጠርም ብለው አምነው ነበር። በኋላ ኦክሲጅን የሌለባቸው አሲዶች ተገኙ፤ ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

«ቆይ፣ ዓለም በሙሉ በስህተት ነው የሚጠራው?» ሬዲዮ ዓይኗ ፈጠጠ።

«በስህተት! ከሁለት መቶ ዓመት በላይ!»

ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ የሬዲዮ ፊት ጠቆረ። አሁን ቢቀይሩት የፈጠራ ወሬ ማቅረባቸው ይታወቃል፤ አንደኝነቱም ይነጠቃል። እናቷ ደግሞ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሬዲዮ ይህን የተናገረችው ወደ እናቷ እያየች ነበር። መርማሪዋ ከዚህች ልጅ ሌላ የልብ ጓደኛ የላትም።

የመድረኩ መሪ ቡድናቸውን ጠራ።

መርማሪዋ ማርከር አነሳች። «ሕይወት ሰጪ» የሚለውን እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ «አሲድ ወላጅ» ብላ ጻፈች።

«ሁለቱም ስህተት ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንዱ የሳይንቲስቱ፣ አንዱ የእኛ። ሁለቱንም እንናገራለን። ከፈራሽ የእኛን እኔ እናገረዋለሁ።»

ሬዲዮ ፖስተሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በአንድ ጫፍ ያዘችና ወደ መድረኩ ደረጃ አመራች።

«የእኛ አይደለም፣ የእኔ ነው» አለች። «እኔው እናገረዋለሁ።»