ከበሩ እስከ ጋጣው የተዘረጋው ገመድ

ሰማዩ በረዶ ሊጥል ሲያጉረመርም ጋሼ ሃርላን ከምንም በፊት የሚያስቡት ገመዱን ነው። ገመዱ ከወጥ ቤቱ በር ጎን ካለ የብረት ቀለበት ተነሥቶ፣ ሰፊውን ግቢ አቋርጦ፣ ከፈረስ ጋጣው ምሰሶ ላይ ይታሰራል፤ በበሩ በኩል አንዲት አሮጌ የላም ቃጭል ተንጠልጥላበታለች። ቤቱ ነብራስካ ውስጥ፣ ከማንም ርቆ፣ ዓይን እስኪደክም በሚዘረጋ ሜዳ መሀል የቆመ ነውና፣ በረዶው ከነፋስ ጋር ሲመጣ ሰው የገዛ እጁን ማየት ያቅተዋል። ከጋጣ ወደ ቤቱ ሲመለስ አቅጣጫው ጠፍቶት ደጃፉ ላይ ደርቆ የቀረ ገበሬ በዚያ አገር ጥቂት አይደለም አሉ። ገመዱን የያዘ ግን አይጠፋም፤ በተራመደ ቁጥር ቃጭሏ ታቃጭላለች፣ ቤት የተቀመጠውም «አለ፣ እየመጣ ነው» ብሎ ልቡ ያርፋል።

ትርንጎ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ሥራዋ ነው። ጋሼ ሃርላን ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ ልጃቸው ጆይስ ከኦማሃ ከተማ ቀጥራ አምጥታት ሁለተኛውን የብርድ ወራት ይዛለች። ጆይስ ስትሄድ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻውን እንዳይወጣ፤ ሌላው ግድ የለም፣ እሱን ብቻ» ብላት ነበር። ጆይስ አደራ የሚለውን ቃል ከየት ታውቀዋለች? ትርንጎ ግን የሰማችው እንደ አደራ ነው፤ እንደ አደራም ይዛዋለች።

ከባዱ ሥራ ታዲያ ማንሣትና ማጠብ አልነበረም። ከባዱ የእሳቸው ኩራት ነበር። «እርዱኝ» የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። አንድ ነገር ሲፈልጉ አንዴ ይናገራሉ፤ ካልተሰሙ ዝም ብለው ራሳቸው ይነሣሉ። ትርንጎ ያደገችው ወልድያ ነው፤ እዚያ ጣራህ ቢያፈስ ጎረቤት ሳትጠራው መሰላል ይዞ ይመጣል፣ ሳትጠይቀው ይመክርሃል፣ ሲወርድም ያማሃል። እዚህ ግን ቅርብ የተባለው ጎረቤት ራሱ በመኪና ነው የሚደረሰው፤ ጋሼ ሃርላንም በዚያ ይኮራሉ። «ይሄን አገር ያቀናው ማንንም ያልጠበቀ ሰው ነው፣ ቲሪ» ይላሉ። ቲሪ የሚሏት እሷን ነው፤ ስሟን ስንት ጊዜ አስጠናቻቸው፣ ምላሳቸው እምቢ አለ።

አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ስለ ከብት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው፣ የቤቱን ታሪክ ነገሯት። ቅድመ አያታቸውና ታላቅ ወንድሙ አሞስ እዚህ ሲሰፍሩ ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ አልነበረም። አፈሩን ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ አንዲት ክፍል ሠሩ። በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ዱቄታቸው ሊያልቅ ሲል አሞስ ላሟን ሊያይ ገመዱን ይዞ ወደ ጋጣው ሄደ። ቅድመ አያትየው ከበሩ በኩል ፈታው።

«ምኑን?» አለች ትርንጎ።

«ገመዱን ነዋ። ዱቄቱ ለሁለት አይበቃም ነበር። በረዶው ሲቀልጥ አሞስን ከደጃፉ አገኙት።»

«በስመ አብ! ወንድሙን?»

«ባይጨክን ኖሮ እኔም የለሁ፣ ጆይስም የለች» አሉና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከተማው አደባባይ ላይ የቅድመ አያታቸው ስም በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል፤ አቅኚ ይለዋል። አሞስ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ያቺ የአፈር ክፍል አሁንም አለች፤ ሌላው ቤት በዙሪያዋ ተጨምሮ ተሠራ እንጂ ማንም አላፈረሳትም። ጋሼ ሃርላን የሚተኙት እዚያ ነው። ግድግዳዋ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ምድጃውም ቀን ከሌት ይነድዳል፤ ሽታዋ ግን አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ሽታ ነው፣ ትርንጎ በሳሙና ብታጥበው፣ መስኮት ብትከፍትለት አልለቅ ያለ ቀዝቃዛ የእርጥብ አፈር ሽታ።

ደግሞ የቋጠሮው ነገር አለ። ትርንጎ ገመዱን የምታስረው አባቷ የአህያ ጭነት ሲያስሩ አይታ በተማረችው አስተሳሰር ነው፤ ያ ቋጠሮ ዳገት ቁልቁለት ቢሉት አይላላም። እዚህ ግን ባሰረችው ማግስት ላልቶ ታገኘዋለች፣ በጋጣው በኩል ሳይሆን ሁልጊዜ በቤቱ በኩል። ነፋስ ነው አለች። በኋላ ነፋስ ቋጠሮ መፍታት ከየት ተማረ ብላ ጋሼን ጠየቀቻቸው።

«ይሄ ቤት ገመድ አይወድም» አሏት፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ሰው ገመዱ ላይ ካለ አትፍቺው፣ ቲሪ። ምንም ብትሰሚ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየች።

የዚያን ዕለት ምሳ እንደበሉ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ በጣራው ጠርዝ አፏጨ፣ ከዚያ ፉጨቱ ወፍሮ ቤቱን በሙሉ የሚያንገራግር ጩኸት ሆነ፤ በመስኮቱ በኩል ጋጣው ደበዘዘ፣ አጥሩ ጠፋ፣ በመጨረሻም መስኮቱ ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት መሰለ። ከጋጣው በኩል የሳንቃ መላተም ይሰማል።

«የጋጣው በር ተከፍቷል» አሉ ጋሼ ሃርላን። አሮጌ ባዝራቸው እዚያ ነች።

«ትንሽ ጋብ ይበል፣ እኔ ራሴ እሄዳለሁ። እርስዎ ንክች እንዳያደርጉት!»

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ትርንጎ ተስማሙልኝ ብላ ደስ አላት። አይ ትርንጎ! እኚህ ሰው መቼ ሁለቴ ተናግረው ያውቃሉ?

ወዲያው መብራት ጠፋ። ፋኖስ ልታመጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በድንች ጆንያዎች መሀል በዳበሳ ስትፈልግ ከራሷ በላይ ወለሉ ተንቋቋ፤ ቃጭሏ ቅጭል አለች፣ አንድ በርም ተላተመ። «ይሄ ነፋስ ዛሬ ቤቱን ሊነቅለው ነው» ብላ አጉረመረመች። ፋኖሱን አብርታ ስትወጣ ከወጥ ቤቱ በር ሥር በረዶ ወለሉ ላይ ሟሙቶ አገኘች፤ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ነው ብላ በጨርቅ ወለወለችው። ከዚያ የአፈሩን ክፍል በር አንኳኳች።

«ጋሼ ሃርላን፣ ደህና ነዎት?»

ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ደህና ነኝ፤ ጋደም ብያለሁ። በሩን አትክፈችው፣ ብርድ ይገባል» አሉ።

ድምፃቸው ነው፤ የሻከረው፣ የምታውቀው። በበሩ ሥር የአፈሩ ሽታ ከወትሮው በርትቶ ወጣ። እመቤቴን እየጠራች ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች።

ከዚያ ቃጭሏ አቃጨለች።

አንዴ ብቻ ቢሆን በነፋስ ታሳብበው ነበር። ዝም አለች፤ ደግሞ አቃጨለች፤ ዝም፤ ደግሞ። እንደ እርምጃ ነው፣ አንድ እግሩን እየጎተተ እንደሚሄድ ሰው እርምጃ፣ እያንዳንዱ ከበፊተኛው ትንሽ እየቀረበ። ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ክፍሉ በር ደረሰች።

«ጋሼ! ገመዱ ላይ ሰው አለ!»

«ሰው አይደለም፤ አሞስ ነው። ፍቺው» አሉ ከውስጥ።

«አትፍቺ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ሰው ካለበት ነው ያልኩሽ። እኔ እዚህ ተኝቻለሁ፣ አንቺ እዚያ ቆመሻል። ሌላ ማን አለ?»

ትርንጎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር አለች። እውነትም ሌላ ማን አለ?

«እባክሽ፣ ትርንጎ» አሉ። «ፈርቻለሁ። እርጂኝ።»

እርጂኝ መባሏ አንጀቷን በላው። እኚያ ኩሩ ሽማግሌ! የጆይስ አደራ ትዝ አላት፤ ያ የሞተ ነገር ከገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠችና በሩን ከፈተች። በረዶው ፊቷን በጥፊ መታት። በዚያ ንጣት ውስጥ የጎበጠ ነገር አየች፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ፣ ፊት የሌለው፣ በሁለት እጁ ገመዱን ጨምድዶ የሚንፏቀቅ፤ ሊደርስባት ጥቂት ቀርቶታል። ጮኸች። ጣቶቿ ቋጠሮውን ሲነኩት ግማሹን ማን እንደፈታው እንጃ፣ ላልቶ ጠበቃት። ሳበችው።

ገመዱ ከቀለበቱ ሾልኮ ወጣ፣ ነፋሱም ከዚያ ነገር እጅ መንጭቆ ወሰደው። ነጩ ነገር ባዶ እጁን ወደፊት ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ፣ ተንገዳገደ፣ ወደማይሆነው አቅጣጫ ዞረና ጠፋ። ቃጭሏ ደፉ ላይ ወድቃ ቀረች። ትርንጎ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው።

ያኔ ነው ከሩቅ፣ ከነፋሱ ሥር፣ አንድ የደከመ ድምፅ የሰማችው።

«ቲሪ!»

በዓለም ላይ ቲሪ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ትርንጎ ብሎ ስሟን አሳምሮ የጠራትስ ማን ነበር? ፋኖሱን ወደ በሩ ጥግ አዞረች፤ የጋሼ ሃርላን ቦት ጫማ ከቦታው የለም፣ ካፖርታቸው የለም፣ ከዘራቸው ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ገመዱን በሁለት እጅ ለመያዝ ትተዋት ሄደዋል። ሮጣ የክፍሉን በር በረገደችው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። በእጇ ዳሰሰችው፤ ማንም አልተኛበትም፣ ቀዝቅዟል።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ጋሼ!»

ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ በሩን በረገደች፣ ቃጭሏን ከደፉ አንሥታ ክንዷ እስኪዝል ወደ ንጣቱ አቃጨለች፣ ስማቸውን እየጠራች፣ እያለቀሰች፣ ደግሞ እያቃጨለች። በዚህ ይምጡ፣ ድምፁን ይከተሉ፣ ጋሼ፣ በዚህ! ከነፋሱ በቀር የመለሰላት አልነበረም።

ከኋላዋ፣ አሁን ባዶውን አይታው ከወጣችው ክፍል፣ ያ ድምፅ ሳይቸኩል፣ እንደ አባት ለስልሶ፣ «ጎሽ፣ ትርንጎ፤ እንግዲህ አንቺም ከአቅኚዎቹ ሆንሽ፣ በሩን ዝጊው» አለ።