የጉስሚኒ ማልያ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር መግቢያ፣ በሰሜን ኢጣሊያ ከሚፈሰው ከሴሪዮ ወንዝ የተነሣው ጉም የጉስሚኒን ፋብሪካ የጭስ ማውጫ እስከ አንገቱ ውጦት ነበር። በደጉ ዘመን ወንዙ የጨርቅ መንከሪያውን የቀለም እጣቢ እየጠጣ አንድ ቀን ቢጫ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበርና፣ የአገሩ ሰው ፋብሪካው ለየትኛው የብስክሌት ቡድን ማልያ እንደሚሠራ ውኃውን አይቶ ያውቅ ነበር፤ ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ግን ፋብሪካው የወታደር ሹራብ ብቻ እንዲሠራ ስለ ታዘዘ፣ ወንዙም እንደ ሰዉ ፊት ጠቁሮ ይፈስ ጀመር።

ፋብሪካውን ያቋቋመው ባቲስታ ጉስሚኒ የተባለ ስመ ጥር ብስክሌተኛ ነበር፤ እርሱ በውድድር ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ በሞተ ጊዜ፣ ሚስቱ ሲኞራ ኤርሲሊያ «ባሌን የበላ ነገር ልጆቼን ያብላ» ብላ የስፌት መኪኖቹን አልሸጥም አለች፤ ማልያውም በሎምባርዲያ ሁሉ ገነነ። ኮሌታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትሰፋው አብሮ አደጓ ዛይራ ነበረች፤ የዛይራ ልጅ ኦሬስቴም ያንኑ ማልያ ለብሶ ይወዳደር ነበር። በዚያ የመከር ወራት ግን ኦሬስቴ ብስክሌቱን ለሌላ ነገር አዋለው፤ ሚስቱንና ጡት ያልጣለች ልጁን ለእናቱ ትቶ፣ በተራራው ለሸመቁት አርበኞች መልእክት ያደርስ ጀመር።

ያን ዕለት ጧት የፋሺስቶቹ የጥቁር ሸሚዝ ጦር ሻምበል ወታደሮቹን አስከትሎ ገባና፣ ደም የጠጣ ቢጫ ማልያ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወረ። መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ።

«ሲኞራ፣ ይህን የለበሰ ሽፍታ ትናንት ድልድዩ ላይ ወድቋል» አለ። «ወረቀት አልያዘም፤ ፊቱንም ጥይት በልቶታል። ስሙን ይንገሩኝ፤ ቤቱን አቃጥዬ፣ ዘመዶቹን ጭኜ እሄዳለሁ፤ እርስዎም በሰላም ይሠራሉ።»

ኤርሲሊያ ማልያውን ገና ስታየው ዐወቀችው፤ ኦሬስቴ ክንደ ረጅም ነበርና እጅጌውን ያስረዘመችለት ራሷ ነበረች።

«በዚህ ሸለቆ የኛን ማልያ ያልለበሰ ማን አለ?» አለች። «ቄሱም አንድ አላቸው፤ ሄደው ይጠይቋቸው።»

«ቀልዱን ይተዉት። ስፌቱን የሰፋው ያውቀዋል፤ ኮሌታ የሚሰፋው ማነው?»

ዛይራ ከወንበሯ ተነሣች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማልያውን አነሣች፤ ኮሌታውንም ገልብጣ አየችው።

«የኛ አይደለም» አለች። «ይህን የሰፋችው ወይ ዕውር ናት፣ ወይ ሰክራለች። እኔ እንዲህ ብሰፋ ኖሮ ሲኞራ ድሮ ባባረሩኝ።»

ሻምበሉ ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያው ተራ ቡትቶ ነዋ! ጫማዬን ጭቃ ነክቶታል፤ ጥረጊበት።»

ዛይራ ተንበረከከች፤ በልጇ ማልያ የሻምበሉን ጫማ፣ ቀኙንም ግራውንም፣ እስኪያብረቀርቅ ወለወለች። ሻምበሉ ፊቷን ሲመረምር ቆየና፣ አንዳች ነገር ቢያጣበት ማልያውን በጫማው ገፍቶ ወጣ።

ኤርሲሊያ ሮጣ የዛይራን ክንድ ያዘች። «ነይ እህቴ፣ ቤት ላድርስሽ።»

«ቤት ሄጄ? ካለቀስሁ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ከሰማ ምራቴም ሕፃኗም አለቀላቸው። መኪኖቹን አስነሺልኝ፣ ኤርሲሊያ። ሁሉንም። ይጩሁ!»

መኪኖቹ ሁሉ፣ ክር ያልገባባቸው እንኳ ሳይቀሩ፣ ተነሡ፤ ዛይራም በጩኸቱ ውስጥ አፏን ከፍታ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት እንኳ ድምፅዋን አልሰማችም።

የኦሬስቴ ሬሳ ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ ያለ ስም ተቀበረ። ዛይራም ነፃነትን ሳታይ በዚያው የበረዶ ወራት በሳንባ ምች ሞተች፤ ነገሩን ያላወቁ «የገዳዮችን ጫማ የጠረገች» እያሉ ያሟት ነበር፤ እርሷ ግን አንድ ቀን አልመለሰችላቸውም። ምራትዋና የልጅ ልጇ ተረፉ። ኤርሲሊያ ሰላም በወረደ ጊዜ እውነቱን ለሁሉ ብትናገርም፣ ሰው ከኀዘን ሸሽቶ ወደ ጭፈራ ይሮጥ ነበርና ጆሮ የሰጣት ጥቂት ነው።

ፋብሪካው ዳግመኛ ገነነ፤ የዚያ ዘመን የሱፍ ማልያዎቹም ዛሬ በየቅርስ ሰብሳቢው ቤት በመስታወት ውስጥ ተሰቅለዋል። ኩባንያው ስለ ራሱ ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ የአሸናፊዎቹ ስም ከነድላቸው ተዘርዝሯል፤ ስለዚያ ኅዳር የሰፈረው ግን «በሱፍ እጥረት ምክንያት ሥራ ተቀዛቅዞ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሱፍ አልጎደለም ነበር።