ጣሪያ የሌለው ክፍል

«ልጆቹ የውስጥ ልብስ የሚሰፉ ከሆነ፣ ይኼ ሁሉ ቫርኒሽ ምን ሊሠራላቸው ነው?» አለች ኢንስፔክተር ኑሰይባ።

ወይዘሮ እናትዓለም የዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካከሉ። «እኔ ምን አውቄ! የውስጥ ዲዛይን ነው የምንማረው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ፣ አሉኝ። ለሙታንታ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥበት ዘመን ደረስን ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነገርሁ።»

«የቤት ውስጥ ነው፣ እትዬ!» አለች ጸሎት ከኋላቸው፤ ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። «ክፍል ነው የምናበጀው። መብራቱን፣ ቀለሙን፣ ወንበሩን። ስንቴ ነገርሁዎት!»

እትዬ እናትዓለም ፊታቸው ጋለ። አስከሬን በወጣበት ግቢ፣ በፖሊስ ፊት፣ ስለ ሙታንታ ሲያወሩ መገኘት! ከዚያ በኋላ የመጣባቸው ሲታይ ግን የዚያ ቀን ሐፍረታቸው ገና መጀመሩ ነበር።

የሞቱት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። በጣና ደሴቶች ቅኔ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ ዐይናቸው ሲደክም ወደ ባሕር ዳር ተሻገሩና በእትዬ እናትዓለም ግቢ፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ሐይቁ የሚታይባትን አንዲት ክፍል ያዙ። ሦስቱ ተማሪዎች፣ ቃለ ሕይወት፣ ጸሎትና ኡበይዳ፣ ይችን ክፍል ለአረጋዊ እንድትመች አድርገው መሥራትን የመመረቂያ ሥራቸው አደረጉት። መሪጌታ ክንዳቸውን ሲዘረጉ የት እንደሚደርስ፣ ከወንበር ሲነሡ ምን እንደሚጨብጡ፣ ደፍ ሲሻገሩ እግራቸውን ምን ያህል እንደሚያነሡ ሁሉ ለኩ። እትዬ እናትዓለም ሜትሩን ባዩ ቁጥር «ሰውዬውን የሬሳ ሣጥን ልታሠሩላቸው ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አሁን ቀልዳቸው ትዝ ሲላቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

ክፍሏ በእርግጥ አምራ ነበር። ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ ወፍራም ግድግዳ አቁመው፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይረብሻቸው አልጋቸውን ከወዲያ፣ መቀመጫቸውን ከወዲህ አድርገውላቸዋል። በጎን በኩል ብቻ ጠባብ መግቢያ አለው። ትንኝና ንፋስ እንዳይገባም ጸሎት በሩንና መስኮቱን ዙሪያውን በጎማ ደፍናዋለች። የቀረው ከግድግዳው ወዲህ ያለውን የጣውላ ወለል ቫርኒሽ መቀባት ነበር፤ እሱንም ትናንት ከሰዓት ኡበይዳ ቀባው። ሽታው እስኪወጣ መሪጌታ እትዬ እናትዓለም ሳሎን እንዲያድሩ ተባለ።

ጠዋት ግን መሪጌታ የተገኙት ከደንገሉ ግድግዳ ኋላ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ በድን ሆነው ነው። በሩ በውጭ በኩል በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። ሐኪሙ የታመመ ሳንባቸው በቫርኒሹ ሽታ መታፈኑን ተናገረ።

«ማን ቆለፈው?» አለች ኑሰይባ።

«እኔ» አለ ቃለ ሕይወት። የቡድኑ አለቃ እሱ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ። «ማምሻው ላይ ቆለፍኩት፤ ዕቃችን ውስጥ ነበር። ግን አይቼ ነው የቆለፍኩት!»

«ምን አየህ?»

«ሰው የለም። አልጋው ባዶ ነው። ራስጌው ከሐይቁ መስኮት ሥር፣ የመጽሐፋቸው አትሮንስ ከትራሱ አጠገብ፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ። ልክ እንደሠራነው።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው አለ?»

ቃለ ሕይወት መሬት መሬት አየ። «ኡበይዳ ጋ።»

ኡበይዳ እጁ ላይ የደረቀውን ቫርኒሽ በጥፍሩ እየፋቀ ቆሟል። «ቁልፉ ኪሴ ነበር። ግን አልከፈትሁበትም። ልጀምር ስል የቫርኒሹ ማቅጠኛ፣ ቲነር፣ አለቀብኝ፤ ልገዛ ወጣሁ፤ ተመለስሁ፤ ወለሉን ጠርጌ ከግድግዳው ሥር ጀምሬ እስከ ደፉ ቀባሁ። በሩንም አየር እንዲገባ ክፍት ትቼው ሄድሁ።»

«እሱ ነው!» አሉ እትዬ እናትዓለም፤ ሳይጠየቁ። «ትናንት ረፋድ ላይ 'ሥራችንን አበላሹብን!' እያለ ሲጮህባቸው በጆሮዬ ሰማሁ! መሪጌታ ወደ ቤታቸው ልግባ ቢሉት ከፍቶ አስገብቶ ቆለፈባቸው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«ጮህህባቸው?»

«ጮህሁ» አለ ኡበይዳ። «አልክድም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሁሉም ያለቀ መሰለ። አንዱ ባዶ ክፍል ቆለፈ፤ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። እትዬ እናትዓለም ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ፤ ፈረሙም። ኡበይዳ ሥራውን ለመምህራን በሚያቀርብበት ሳምንት ጣቢያ አደረ። እናቱ ከወረታ መጥተው ከጣቢያው አጥር ሥር ሲቀመጡ ያየ ሁሉ «የነፍሰ ገዳዩ እናት» ብሎ አለፈ። ክስ ከተመሠረተበት ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ስሙም የሚተርፍ አልነበረም።

ኑሰይባ ግን ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እሷም የወረታ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ሱቅ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ማንኛውንም ነገር ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። እትዬ እናትዓለም እግር በእግር ተከተሏት። የአገሯን ልጅ ኡበይዳን ልትረዳው ትችል ይሆናል ብለው ጠርጥረዋልና ዐይናቸውን ከእሷ ሊነቅሉ አልፈለጉም።

ኢንስፔክተሯ በደፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ባትሪ አግድም አብርታ ወለሉን አየችው። «ጠዋት የገቡት እግሮች እኒህ ናቸው። የእርስዎ፣ የሐኪሙ፣ የእኛ። ቫርኒሹ ገና ይጣበቅ ነበር፤ ሁሉንም ይዟቸዋል።»

«ታዲያ?»

ኑሰይባ ተነሣች። ጫፍ ጫፉን ተራምዳ ወደ ግድግዳው ኋላ ዘለቀች። የመሪጌታ ጫማ ከአልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነው። አንሥታ ገለበጠችው፤ ሶሉ ላይ አቧራ እንጂ ሌላ የለም። ከዚያ አልጋውን አየች። የሐይቁ መስኮት በሰሜን ሆኖ ራስጌው ግን በምዕራብ በኩል ነው፤ አትሮንሱ ከግርጌው፣ ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር።

«አልጋውን ያንቀሳቀሰው አለ?»

«ማንም! እሳቸውን ብቻ ነው ያነሡ።»

«ትናንት ማታ እትዬ፣ መሪጌታ የት ያሉ መስሎዎት ነበር?»

እትዬ እናትዓለም ይህን ጥያቄ ሲፈሩት ነው የዋሉት። «ምሳ ሰዓት ላይ ሶፋውን የሸፈኑበት ላስቲክ ይንቋቋብኛል፣ እንቅልፍ አይወስደኝም ቢሉኝ 'ለአንድ ሌሊት ምን ያቃጥልዎታል!' አልኋቸው። ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ለማኅሌት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው አልሁ።»

«ሰው ልከው አላስጠየቁም?»

«አኩርፌ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማም።

በማግስቱ ኑሰይባ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ኡበይዳም በፖሊስ ታጅቦ መጣ፤ እናቱም ተከትለውት። ጸሎት የክፍሉን ሞዴል ይዛ እንድትመጣ ታዝዛ ነበርና ከነጭ ካርቶን የተሠራውን ትንሽ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ሰፈሩ 'የወገኗን ልጅ ልታወጣ ነው' እያለ መሆኑን ሰምቻለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ ረጋ ብላ። እትዬ እናትዓለም ዐይናቸውን ሰበሩ። «ስለዚህ ሁሉንም በዐይናችሁ እዩት። እትዬ፣ እርስዎ ይግቡና ከግድግዳው ኋላ አልጋው ላይ ይቀመጡ። በደከመ ሰው ድምፅ አንድ ሁለቴ ይጣሩ። ሌሎቻችሁ ከበሩ ላይ ቁሙ።»

እትዬ እናትዓለም ገቡ። አልጋው ላይ ሲቀመጡ የመንገዱ ባጃጅ፣ የሰዉ ወሬ፣ ሁሉም ደብዛው ጠፋ። «ኧረ ሰዎች» አሉ በቀስታ። ድምፃቸውን ደንገሉ ዋጠው። «ኧረ ሰዎች፣ እዚህ ነኝ» አሉ እንደገና። የመለሰላቸው የለም። ሳያስቡት እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ሽማግሌው እዚህ ተኝተው ምናልባት እንዲሁ ብለው ይሆናል፤ እሳቸው ደግሞ ሳሎናቸው ተቀምጠው አኩርፈዋል። ፈጥነው ተነሥተው ወጡ።

«ጠራሁኮ» አሉ።

«አልሰማንም» አለች ጸሎት። ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኑሰይባ ወደ ቃለ ሕይወት ዞረች። «እትዬ አልጋው ላይ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከዚህ አይታይም፤ ግድግዳው ይከልለ…» ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

የቆመው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ያን ዕለት ወደ ውስጥ ገብተህ ነበር?»

«ወለሉ… እርጥብ ነበር።»

«አዎ፣ አልገባህም። ወለሉም ይመሰክርልሃል» አለች። «እንግዲህ ስሙኝ። ቫርኒሹ ላይ ከጠዋቶቹ እግሮች በቀር ዱካ የለም። የመሪጌታም ዱካ የለም፤ የጫማቸውንም ሶል ቫርኒሽ አልነካውም። ስለዚህ መሪጌታ የገቡት ወለሉ ሳይቀባ ነው። መቼ? ሶፋውን ጠልተው ሲወጡ ኡበይዳ ቲነር ሊገዛ ሄዷል፤ በሩ ክፍት ነው። ገብተው ከግድግዳው ኋላ ጋደም አሉ። ኡበይዳ ተመልሶ ወደ ኋላ አላየም፤ ቀብቶ ወጣ።»

«አላየሁም» አለ ኡበይዳ በዝግታ። «አንገቴን ሰገግ ባደርግ አያቸው ነበር። አላደረግሁም።»

«ሁለተኛው ቁልፍ ማንንም አላስገባም ማለት ነው፤ ማታ በሩን ማንም ቢከፍት ወለሉ ይነግረን ነበርና። ጓጉንቸሩ ሲዘጋ መሪጌታ ውስጥ ነበሩ። ታዲያ ቃለ ሕይወት ያየው ባዶ አልጋ የቱ ነው?» የሞዴሉን ጣሪያ በሁለት ጣቶቿ አነሣችው። ከላይ ሲያዩት ግድግዳው ምንም አይከልልም፤ ትንሿ አልጋ ራስጌዋ ከሐይቁ መስኮት ሥር፣ ትንሿ አትሮንስ ከትራሷ አጠገብ፣ ብርድ ልብሷም ታጥፋ። «የነገርኸኝ ይኼን ነው። እውነተኛው አልጋ ግን እንደዚህ አልነበረም።»

«ወለሉን በቀባሁበት ዕለት ረፋድ ላይ፣ ቃለ ሕይወት ሳይኖር አዞርሁት» አለ ኡበይዳ። «መሪጌታ 'ስነቃ ፊቴ ወደ ምሥራቅ ይሁን፣ መጽሐፌም ወደዚያው' አሉ። እኔ ደግሞ መብራቱን ሁሉ ለመስኮቱ አስበን ነው የሠራነው ብዬ ጮህሁባቸው። በኋላ አፈርሁ። አልጋውን ራሴ አዞርሁላቸው፤ መረቁኝም።»

ጩኸቱን እንጂ ምርቃቱን እትዬ እናትዓለም አልሰሙም ነበር። ያኔ ከመስኮታቸው ተነሥተው ወሬውን ለጎረቤት ሊያደርሱ ሄደዋል።

ቃለ ሕይወት ደፉ ላይ ተቀመጠ። «ሽታው ራሴን አመመኝ። እጄን ብቻ ሰድጄ ዘጋሁት። ጠዋት ምን አየህ ስባል… ያየሁት መሰለኝ። ያንን ክፍል ሁሌ ከላይ ነው የማየው፤ ጣሪያ ሳይኖረው።»

«ያ በጠዋቱ ነው» አለች ኑሰይባ። «ማታስ? ጓደኛህ ታስሮ ሲሄድ?»

«ማታ አወቅኩ።» ፊቱን ሸሸገ። «ሌሊቱን ሙሉ እያወቅኩ አደርኩ። መናገር አፈርኩ።»

«ሳያዩ መቆለፍ ቸልተኝነት ነው፤ ሕግ የራሱን ይላል። ሰው እየታሰረ ዝም ማለት ግን አውቆ ነው።» ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ቃለ ሕይወት ማንንም ሳያይ ተነሥቶ ሄደ።

ጸሎት የካርቶኑን ቤት ማንሣት አቅቷት ቆመች። የኡበይዳ እናት የልጃቸውን ቫርኒሽ የተጋገረበት እጅ ይዘው ያለቅሳሉ። ጎረቤት አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ፤ ትናንት «ነፍሰ ገዳይ» ያለው ሁሉ ዛሬ ሥራ ነበረበት።

እትዬ እናትዓለም ግቢው የራሳቸው ሆኖ ነው እንጂ እሳቸውም በሄዱ ነበር። እየፈሩ ተጠጉት።

«ኡበይዳ ልጄ» አሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ፣ «ልቤማ አንተ እንዳልሆንህ ያውቅ ነበር።»

ኡበይዳ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጣቢያ ሊፈርሙ ሲሄዱ ልብዎን ቤት ጥለውት ነው የሄዱት፣ እትዬ?»