ኖላዊ ሽማግሌ ሲልክ

ሰው የሚወደውን «ሩምሜቴ ነው» እያለ ስንት ዓመት ይኖራል? ዑራኤል ሦስት ዓመት ኖረ። ቀን ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፣ ማታ ከዚሁ «ሩምሜቱ»፣ ቤት ከሚጋራው ከኖላዊ ጋር ቴአትር ይለማመዳል፤ እሑድ እናቱ ቤት ሲሄድ ግን ልቡን ደጅ ትቶ ነው የሚገባው። ወይ ጉድ!

ቴአትሩን የጻፈው ኖላዊ ነው። ወንድ ለወንድ ሽማግሌ ይልካል! የአሜሪካዋ ፌርፋክስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

«እና እናትህ ትምጣና ቴአትሩን ትይ» አለው ኖላዊ። «ካልነገርካት ቤቱን ለቅቄ እህቴ ጋ እገባለሁ። ደከመኝ፣ ዑራ።»

«ልቧ ቢቆምስ?»

«የኔስ ልብ?»

ዑራኤል ዓይኑን ከኖላዊ ላይ አላነሣም። አጠገቡ የቆመ ሰው እንዲህ ይናፍቃል ቢሉት ቀድሞ አያምንም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ እትዬ ሣህሊቱ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዑራኤል መድረኩ ላይ የሚጠየቀውን ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባት የሆነው ተዋናይ ጀርባውን ሰጣቸው። ድርሰቱ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መብራት ይጠፋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ዓለምሰገድ ግን የእውነትም የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«በሕግ አምላክ!» እትዬ ሣህሊቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሽማግሌ ደጅ ይቆማል እንዴ? ግቡ፣ ተቀመጡ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ለሽማግሌ ተቀመጡ ማለት ጥያቄያችሁን እሰማለሁ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እሳቸውም ገባቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጃቸውን አዩት። እሱ ግን የሚያየው ወደ መጋረጃው ጥግ፣ ወደ ኖላዊ ነበር። እንዲያ ሲያይ አይተውት አያውቁም።

ቴአትሩ ሲያልቅ ኖላዊ አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው ቆመ። እትዬ ሣህሊቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ዑራኤል ያን ጊዜ ሞቶ ተነሣ ቢባል አይጋነንም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ በመጨረሻ፣ ልጅ ሊሰጥ ያሰበ ወላጅ እንደሚጠይቀው።

ኖላዊ እንባው መጣ። «አባቴ ልጄ አይደለህም ካለኝ ሰባት ዓመት ሆነው፣ እማማ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ስሙን ንገረኝ።»

«ሰይፈሥላሴ» አለ፤ ሰባት ዓመት ያልጠራው ስም ነው። ዑራኤል እናቱ እያዩ እጁን ያዘው።