የጠዋቱ ጭማቂ

መጋቢት 1983። የናዝሬት አውቶቡስ ተራ ተጨናንቋል።

የሺዓለም ዘንቢሏን ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ሥር አኖረች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬም ተመሳሳይ ዘንቢል ይዟል። ዞር ብሎ አላያትም።

«በሽተኛው እንዴት ነው?» አላት።

«ይደክማቸዋል።»

«ጭማቂውን እንዳታቋርጪ። በየጠዋቱ። ያበረታዋል።»

የእሷን ዘንቢል አንስቶ ሄደ። የራሱን ተወላት፤ የደም ግፊት ክኒንና ብርቱካን የሚመስለው መራራ ፍሬ፣ ግሬፕ ፍሩት ነበረበት።

ሰውዬው «ዋርካ» ይባላል፤ በኅቡእ ድርጅቱ ውስጥ የናዝሬት አለቃዋ ነው። እውነተኛ ስሙ ኢተፋ ነው፤ ጀርመን አገር ተምሮ ፋርማሲ የከፈተ። የሺዓለም ነርስ ናት። ጎረቤት የሚያውቃት ግን አጎቷን እንደምታስታምም ሴት ነው። «አጎቷ» ከደርግ ደኅንነት የከዱት ኮሎኔል ገሠሠ ናቸው። ድርጅቱ ውስጥ የተሰገሰገውን ሰላይ ያውቃሉ። የሚናገሩት ግን መቂ ለሚጠብቃቸው ለድርጅቱ የበላይ፣ ለቀነዓ ብቻ ነው። ቅዳሜ ወደዚያ የሚወስዳቸው መኪና ይመጣል።

ቤት ስትደርስ ኮሎኔሉ መሬት ላይ ወድቀዋል።

ግፊታቸውን ለካች። ክፉኛ ወርዷል። ክኒኑን ግን በልኩ ነበር የሰጠቻቸው።

ስልክ ወዳለው ጎረቤት ቤት ሮጣ ለዶክተር ኃይለየሱስ ደወለች፤ ቀድሞ አብራው የሠራችው፣ ሰሞኑን ከውጭ ስብሰባ የተመለሰ ሐኪም ነው። የክኒኑን ስም ነገረችው።

«ምን ይጠጣሉ?»

«ግሬፕ ፍሩት። በየጠዋቱ።»

«አቁሚ! ጭማቂው አንጀት መድኃኒቱን እንዳያፈርሰው ያግዳል። አንዱ ክኒን ደም ውስጥ ሁለት ሦስት ይሆናል። ገና አሁን የተደረሰበት ነገር ነው። ብታቆሚውም ቶሎ አይለቅም።»

ተመልሳ የኮሎኔሉን እግር በትራስ ከፍ አደረገች።

«ጋሼ፣ ሰላዩ ማነው? ለኔ ይንገሩኝ።»

«ስሙን አላውቀውም» አሉ በደከመ ድምፅ። «ጀርመን የተማረ ነው። ፋርማሲ አለው።»

ባዶውን የጭማቂ ብርጭቆ አነሳች።

በገዛ እጇ ነበር የጨመቀችላቸው።

በሩ ተንኳኳ።

ዋርካ ነበር። እዚህ ቤት ደርሶ አያውቅም።

«ጠጣ?»

በሩን በትከሻዋ ያዘች። «አሟጠው ጠጡ። ግን ትንፋሻቸው እያጠረ ነው።»

«ሐኪም እንዳትጠሪ። ያስበላናል።»

«እሺ።»

ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ ሄደ።

የቅዳሜውን መኪና የሚልከው እሱ ነበር። ስለዚህ አልጠበቀችም። ቲማቲም አራግፎ ወደ መቂ የሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ኮሎኔሉን አስተኛች። ሞጆ ኬላ ላይ ወታደር ሸራውን ገለጠ።

«አጎቴ ናቸው ወንድሜ። ነፍሳቸው ሳትወጣ ለቤታቸው ላብቃቸው።»

ፊታቸውን አየና ሸራውን መለሰው።

መቂ ላይ ቀነዓ ጆሮውን ከአፋቸው አስጠግቶ ሰማ። ኮሎኔሉ ስለ ሰላዩ የጀመሩትን ጨረሱ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ ሳይመሽ አረፉ።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት ቀነዓ።

«እጁ ግን የኔ ነው።»

በማግስቱ የዋርካ ፋርማሲ አልተከፈተም። እሱንም ዳግም ያየው የለም፤ የጠየቀም የለም።

ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። በየሻይ ቤቱ ሁሉም የሠራውን ሲያወራ፣ ሻሸመኔ ገበያ ውስጥ አበበች የምትባል፣ ነርስ እንደነበረች ማንም የማያውቅላት አዲስ የሽንኩርት ነጋዴ አንገቷን ደፍታ ትመዝን ነበር። ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት «ከወዲያ» ትላለች።