የፕሮፌሰር አናማን የመጨረሻ እንግዳ

ይህ ታሪክ ከራስጌ እስከ ግርጌ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ከትናጋዬ ይጣበቅ፤ ቀንሼ ከሆነ ግን፣ አዎ ቀንሻለሁ፤ ሙሉውን የሚችል ጆሮ የለማ።

ፕሮፌሰር ኤቦ አናማን ዩኒቨርሲቲው ቢሯቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ግንባራቸው ያረፈው ባላረሙት የፈተና ወረቀት ክምር ላይ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍልስፍና ሲያስተምሩ አንድም ቀን ማስታወሻ ይዘው ክፍል አልገቡም። በፈተና የጣሉት ተማሪ ቢሰለፍ ጭራው ባሕሩ ዳር፣ ራሱ ዋና ከተማዋ አክራ ይደርሳል።

ኢንስፔክተር አራባ ኳንሳህ ስትደርስ ደጁ በተማሪ ተጥለቅልቋል። «ገዳዩን ስጡን!» የሚለው ጩኸት መስኮቱን ያርገፈግፋል። አለቃዋም በስልክ፣ «እስከ አሥር ሰዓት ስም ካልሰጠሽኝ ግቢው ይቃጠላል» ብሏታል። አራባ ድሮም መቀመጥ አይሆንላትም፤ ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ትጽፋለች። ዓይኗ ደግሞ ከመንገድ ማዶ የምታነክስ ጉንዳን የትኛው እግሯ እንደታመመ ይለያል።

ክፍሉን ሦስቴ ዞረችው። ከእንግዳ ወንበሩ ፊት በትሪ የቀረበ፣ ግማሹ የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። የፕሮፌሰሩ የደረት ኪስ ባዶ ነው። አስም ነበረባቸው፤ ሐርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራ ባስነሳ ጊዜ ከኪሳቸው የማትለየው የትንፋሽ መድኃኒት፣ ኢንሄለር፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘች።

የሟቹን ወግ አገር ያውቀዋል። ከመንገድ የመጣ ሰው ውሃ ሳይጎነጭ «ምን አመጣህ?» አይሉትም። በየቀኑ ለሚወጣ ለሚገባው ግን ውሃ የለም።

መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ኮቢና ኤሱዎንን ጠራችው። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው።

«አምስት ሰዓት ላይ ላስፈርም ገባሁ ማዳም። የተኙ መስሎኝ ‹ፕሮፍ፣ እንቅልፉን ለስብሰባ ያቆዩት› ብዬ ቀለድኩ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ፈተና አዳራሽ። ሁለት መቶ ተማሪ ምስክሬ ነው።»

«ከማን ጋር ነበር ጠባቸው?»

«ከማን ጋር አልነበረም ቢሉኝ ይቀለኛል።»

ቀጥላ ባባ አንሳህ ገባች፤ የዶክትሬት ተማሪያቸው ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ጽሑፍሽን መልሰውብሻል አሉ?»

«ሦስት ጊዜ! ብገድላቸው ማን ያነብልኛል? ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከኤሱዎን ጋር ስፈትን ነበር።»

መጨረሻ ላይ ዶክተር ፊፊ ቤንቲል መጣ፤ የሟቹ የቀድሞ ተማሪ፣ የዛሬ መምህር። የማዕረግ እድገት ማመልከቻው ከፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለቴ «ገና አልበሰለም» ተብሎ ተመልሷል።

«ዘንድሮ ካላለፍኩ ደንቡ ያሰናብተኛል» አለ እጁን እያሻሸ። «አራት ልጆች አሉኝ። ግን ከአክራ የተመለስኩት ከቀትር በኋላ ነው።»

አራባ በመስኮቱ ቁልቁል ግቢውን ስታይ ቆየችና ወጣች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ቁልፍ ያመጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ ማሜ ኤሲ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«ውሃው ከመንገድ የመጣ ሰው መግባቱን ይነግረኛል» ብላ ጀመረች አራባ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች። «ኤሱዎንና ባባ ከዚሁ ግቢ ናቸው፤ ደግሞም ፈተና ላይ ነበሩ። ከጉዞ የተመለሰ አንድ ሰው ነው። ዶክተር፣ ተማሪዎቹ የግቢውን በር የዘጉት ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ…»

«አምስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ወዲህ ከፖሊስ በቀር አንድም መኪና አልገባም። የእርስዎ መኪና ግን ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆማለች። ስለዚህ የመጡት ጠዋት ነው። ውሃ ጠጡ፤ ‹ገና አልበሰለም› ተባሉ። ኢንሄለሯን ነጥቀው አየር ላይ ረጭተው ጨረሷት። ባዶዋን ነው ያገኘኋት!»

ቤንቲል ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «መጥቻለሁ! ግን አልገባሁም! ሳንኳኳ ‹እንግዳ አለብኝ፣ ቆይ› አሉኝ። በር ላይ አስቆሙኝ! ተናድጄ ሄድኩ። ሞታቸውን ስሰማ ፈርቼ ዋሸሁ።»

«ዶክተር በር ላይ አስቁመው የሚያስተናግዱት ማንን ነው? ንጉሡን?»

ኤሱዎን ሳቁ አመለጠው። ካቴናው ቤንቲል እጅ ላይ ቀጭ አለ። ውጪ ያለው ተማሪ በምን እንደሰማ እንጃ፣ «ቤንቲል! ቤንቲል!» እያለ ሰማዩን ቀደደው። ዶክተሩ የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ ጫነ።

«እኔን ነው» አለች ማሜ ኤሲ።

አራባ መመላለሷን አቆመች።

«እናቴን ቀብሬ ከአገር ቤት ጠዋት መመለሴ ነበር። ልጠርግ ገባሁ፤ እሳቸው ግን መጥረጊያውን ተቀብለው አስቀመጡኝ። ውሃውንም በእጃቸው አቀረቡልኝ። ዶክተሩ ሲያንኳኩ ስለ እናቴ እያወራሁላቸው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አልገቡም።»

«ኢንሄለሯስ?»

«አልቃ ነበር። ‹ጣያትና አዲሷን ከቤት አምጪልኝ፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ሐዘንተኛ ነሽ› አሉኝ። ቤታቸው ቁልቁለቱ ታች ነው። ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ፖሊስ በሩን ይዞ ‹ወዲያ በይ› አለኝ።»

እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ማሸጊያዋ ያልተቀደደ ትንሽ ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ማንም አልገደላቸውም፣ ማዳም። ጉልበቴ ነው የዘገየባቸው።»